«ታርቀናል» ብንል ዐቃቤ ሕጉ «ክሱ የእናንተ አይደለም» አለን

የመንዙ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሕግ የምታውቁ እዚህ አትጠፉም ብዬ ነው የመጣሁት። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ቤተሰብ ግን መንዝ ገጠር ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴና ጎረቤቱ በድንበር ተጣሉ። የጎረቤቱ በሬዎች አጎቴ ገብስ ውስጥ ገቡ። አጎቴ ተናገረ፣ ያኛው መለሰ፣ ከዚያ ዱላ ተነሳ። አጎቴ ግራ እጁን ተሰበረ። ፖሊስ መጥቶ ቃል ተቀበለ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፣ ጀሶ ተደረገለት። ጎረቤትየው ታስሮ በዋስ ወጣ።

ሁለቱ ሰዎች ግን አበልጅ ናቸው። ሽማግሌ ሳይገባ አይቀርም፣ ገባ። ሁለት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ጎረቤትየው ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ አጎቴ እግር ላይ ወደቀ። የሕክምናውን ከፈለ። ወይፈን ካሰ። ተሳሳሙ፣ አብረው ቆረሱ። እኛም ነገሩ አለቀ ብለን ተነፈስን።

አላለቀም። ሦስት ሽማግሌ ይዘን ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው። በጨዋ ደንብ አስተናገደን፣ አልዋሽም። «መታረቃችሁ ደስ ይላል። ክሱ ግን ይቀጥላል። ክሱ የእናንተ አይደለም፣ የመንግሥት ነው» አለን። ወደ አጎቴ ዞሮም «እርስዎ አንደኛ ምስክር ነዎት» አለው።

አጎቴ እስከ ቤት ድረስ አንዲት ቃል ብቻ ነው ሲደጋግም የመጣው። «ምስክር? የተሰበረው የኔ እጅ፣ እኔ ምስክር? ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው!»

እኔም ግራ ገባኝ። ዐቃቤ ሕግ የተበዳዩ ጠበቃ አይደለም እንዴ? ተበዳዩ በቃኝ ካለ እሱ ለማን ነው የሚሟገተው?


ብርዳሙ

በመጀመሪያ ለአጎትህ እግዜር ይማራቸው። በሁለተኛ ደረጃ በመንዝ ብርድ የተሰበረ እጅ እንዴት እንደሚቆረጥም አውቃለሁና ጋቢ አይለያቸው።

ሕጉን ለሚያውቁት ትቻለሁ። ፋንዲሻ ይዤ ተቀምጫለሁ።


የሕግ ተማሪ

ጥያቄህ ላይ አንድ የሚያስፈልግ ነገር ጎድሏል። ክሱ በየትኛው አንቀጽ ነው? ሁሉም ነገር እሱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው።

የወንጀል ሕጋችን የአካል ጉዳትን ከባድና ቀላል ብሎ ይለያል። አንቀጽ 555 ከባዱ ነው። እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። አንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 ቀላሉ ነው። ይኼኛው በግል አቤቱታ ብቻ ነው የሚያስጠይቀው። ማለትም ተበዳዩ «ተበድያለሁ» ብሎ ካላመለከተ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም በራሳቸው አይነሱም። አቤቱታውም የሚቀርበው ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንስቶ በ3 ወር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ጥፊ ቢሆን ኖሮ የአጎትህ ቃል ትልቅ ቦታ ይኖረው ነበር። በዱላ የተሰበረ እጅ ግን ሌላ ነገር ነው።


የመንዙ

ወረቀቱ ላይ 555 ነው ያየሁት። የሐኪም ማስረጃውም ተያይዟል።


የሕግ ተማሪ

እንግዲያው የሕክምና ማስረጃው ነው የወሰነው። ዐቃቤ ሕጉ አንቀጽ የሚመርጠው እሱን አይቶ ነው።


የድሮ ሰነድ

እኔ ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቆላውም ደጋውም ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ለቅቄያለሁ፣ ስለዚህ እንደ ልቤ ልናገር።

የመንዙ፣ የአጎትህ ንግግር አልገረመኝም። ያንን ተረት ፊቴ ላይ ስንት ሽማግሌ ተርቶብኛል መሰለህ። እኔም ቢሮው ውስጥ ሆኜ «እውነትም ቡዳ ሳልሆን አልቀርም» ያልኩበት ቀን አለ።

ሰው ሁለት ክስ ይቀላቅላል። አጎትህ ስለ ድንበሩ ከሶ ቢሆን ኖሮ ያ ፍትሐ ብሔር ነው። ክሱ የሱ ነው። ነገ ጠዋት ሄዶ «ትቼዋለሁ» ቢል ማንም ለምን አይለውም። ወንጀሉ ግን እንደዚያ አይደለም። የክሱን ወረቀት አውጣና እየው። «ከሳሽ» በሚለው ላይ ዐቃቤ ሕግ ነው የተጻፈው። የአጎትህ ስም «የግል ተበዳይ» ተብሎ ክሱ ውስጥ አለ፣ ከታች ደግሞ ምስክሮች ዝርዝር ላይ አለ። ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ የነገራችሁ ይህንኑ ነው። ትንሽ ለስለስ አድርጎ ማስረዳት ይችል ነበር፣ እሱን አልከራከርም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስንት ዘመን ነው ያሠራን። በሱ መሠረት ፖሊስ ያጣራል፣ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይልካል። መዝገቡ ጠረጴዛህ ላይ ሲያርፍ አራት በር አለህ። ትከሳለህ። ወይም ቀዳሚ ምርመራ እንዲደረግ ታዝዛለህ። ወይም «ይህ ጎድሏል፣ አሟሉ» ብለህ ለፖሊስ ትመልሳለህ። ወይም አልከስም ትላለህ። ለመክሰስ መዝገቡ ከደረሰህ 15 ቀን ነው ያለህ። አንዳንዱ ሰው ፖሊስ ጣቢያ «ዘግተነዋል» ሲባል አምኖ ይመለሳል። በዚህ ሕግ መክሰስ አለመክሰሱን የሚወስነው ፖሊስ አይደለም።

አልከስም የምትልባቸው ምክንያቶች ደግሞ ተቆጥረው ተቀምጠዋል። አንቀጽ 42 ነው። ማስረጃው ለማስቀጣት የማይበቃ ከሆነ። ተጠርጣሪው የማይገኝ ከሆነና በሌለበት መክሰስ የማይቻል ከሆነ። ይርጋ (የመክሰሻው ጊዜ ማለፉ)፣ ይቅርታ ወይም ምሕረት ክሱን ከከለከለው። አራተኛው የሕዝብ ጥቅም የሚባለው ነው፣ እሱም በሚኒስትር ትእዛዝ እንጂ በወረዳ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ አይደለም። ደጋግማችሁ አንብቡት። «ታርቀዋል» የሚል የለበትም። አንቀጽ 40 ደግሞ በቂ ማስረጃ ካለ ይከሳል ነው የሚለው። ያ ልጅ ወይፈኑን አይቶ መዝገቡን ቢዘጋው ኖሮ ነገ የሚጠየቀው እሱ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ እርቅን የመሰሉ አማራጮችን ያነሳል። ቀለል ላሉ ነገሮች። የተሰበረ እጅ እዚያ ውስጥ አይገባም።


ብርዳሙ

ፋንዲሻው አለቀ። ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ።


ከጅሁር

እናንተ ጋ አልዘጋም አለ፣ እኛ ጋ ደግሞ ዘጋብን። ምን ዓይነት ጉድ ነው?

አራት በግ ተሰረቀብን። ሌባውን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሰባት ሰው ስሙን ይጠራልሃል። ታሰረ፣ ተለቀቀ፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ዘጋው። «በቂ ማስረጃ የለም» አለን። ልጁ አሁን ገበያ መሀል አረቄውን ይዞ ይስቅብናል። ይህ ሰው የሌባ ጠበቃ ነው ወይስ የኛ?


የድሮ ሰነድ

ከጅሁር፣ ሰባቱ ሰዎች ምን አዩ? አትቆጣ፣ የምጠይቅህ የምሬን ነው። ሲነዳ አይተውታል? በጉን ሲሸጥ አይተውታል? ቆዳው ቤቱ ተገኝቷል?


ከጅሁር

አንዷ ሴትዮ ማታ በዚያ በኩል ሲያልፍ አይታዋለች። ሌላው ጠባዩን ያውቃል። ድሮም እጁ አያርፍም።


የድሮ ሰነድ

አየህ። መንደሩ ያወቀው በጠባይ ነው። ፍርድ ቤት በጠባይ አይፈርድም። ዐቃቤ ሕግ እነዚያን ሰባት ሰዎች ቢያቀርብ፣ ዳኛው ሲሰማቸው ውሎ ተከሳሹን «ይከላከል» እንኳ ሳይለው በነፃ ያሰናብተዋል። ከዚያ በኋላ በዚያው ነገር ሁለተኛ አይከሰስም። መዝገቡ ሳይከሰስ ከተዘጋ ግን ነገ በግህ አንድ ቦታ ቢገኝ እንደገና ሊንቀሳቀስ ይችላል። እኔ ብሆንም እዘጋው ነበር።

ግን መብትህን ልንገርህ። ውሳኔውን በጽሑፍ ከነምክንያቱ ስጠኝ በል። ቃል አትቀበል። በግል አቤቱታ የሚያስጠይቅ ነገር ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ራስህ እንድትከስ በጽሑፍ ይፈቅድልሃል። ስርቆትን በመሳሰለው ላይ ደግሞ ውሳኔው በደረሰህ በ15 ቀን ውስጥ «ክስ ይመሥርት ተብሎ ይታዘዝልኝ» ብለህ ለበላይ ፍርድ ቤት ማመልከት ትችላለህ። ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በላይ ዐቃቤ ሕግ ነው፣ ወደ ዞን ፍትሕ መምሪያ። እሱም ይሠራል። ቀኗን ግን ቁጠር። እሷ ናት የምታመልጠው።


አልሸሽግም

ወሬ ነው ሁሉም። ኪስህ ካለ መዝገቡ ይዘጋል፣ ከሌለህ ይከፈታል። አንቀጽ ምናምን ትላላችሁ።


የድሮ ሰነድ

የበላ የለም አልልህም። የበላም አይቻለሁ፣ ሲበላ ተይዞ ሲታሰርም አይቻለሁ። በጽሑፍ ስጠኝ በል የምለው ለዚህ ነው። ወረቀት ላይ የሰፈረ ምክንያት በሌላ ሰው ዓይን ይታያል።


ጋሽ ካባ

ልጆቼ፣ እኔ ሕግ አልተማርኩም። አባቴ ግን ሙግት የሚወድ ሰው ነበር። ያው ተጉለት ነው፣ ርስት ያለው ሁሉ ተሟጋች ነው።

በአባቴ ጊዜ ዐቃቤ ሕግ የሚባል ሰው አገር ቤት አይታወቅም ነበር። ሰው ሲገደል ከሳሹ ደመኛው ነው። ዘመድ ከሌለው ደሙ ፈሶ ቀረ። ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይጠራል። አገሬው ሜዳ ላይ ይወጣል፣ ሌባው እስኪወጣ እዚያው ይውላል፣ ይሰነብታል። የቀረ ይቀጣል። አባቴ በልጅነቱ ሦስት ቀን ሜዳ ላይ ማደሩን ያወራን ነበር። እርሻው ጥሎት፣ ዝናቡ ወርዶበት። ሌባው ግን የሌላ አገር ሰው ሆኖ ተገኘ።

ስሙን ደግሞ አስተውሉት። ዐቃቤ በግእዝ ጠባቂ ነው። ዐቃቤ ሰዓት እንደሚባለው። ዐቃቤ ሕግ፣ ሕግን ጠባቂ። ዐቃቤ ተበዳይ አላሉትም።

የመንዙ ልጅ፣ አጎትህ ጓሳን፣ የመንዝን የጋራ ሣር ሜዳ፣ ያውቃል መቼም። ጓሳን ድሮ የጠበቀው ቀሮ የሚሉት የአገሬው የጋራ ጥበቃ ደንብ ነው። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይነካውም። ሲከፈት ሁሉም ለክዳኑም ለገመዱም ያጭዳል። አንድ ሰው በተዘጋ ጊዜ ገብቶ ቢያጭድ፣ እኔ ተነስቼ «ግድ የለም፣ ይቅር ብዬዋለሁ» ብል ማን ይሰማኛል? ሣሩ የኔ ብቻ አይደለማ። የዚያ ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነገርም እንደዚያ ይመስለኛል። እጁ የአጎትህ ነው። በዱላ አለመማታቱ ግን የሁሉም ነው።


የሕግ ተማሪ

ጋሼ፣ ይህን ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ሴሚስተር አስተማሩን፣ እርስዎ በሣር ጨረሱት።


የድሮ ሰነድ

ጋሽ ካባ፣ «ዐቃቤ ተበዳይ አላሉትም» ያሉት ነገር አንድ ቀን አስታወሰኝ።

አንድ ልጅ በዝርፊያ ከስሼ ነበር። ምስክሮቼን አሰማሁ። ሲመሰክሩ ግን የለየው ሰው እንደሌለ ለኔም ገባኝ። ጨለማ ነበር፣ ሁሉም ያዩት አንድ ካፖርት ነው። ዳኛው አስተያየቴን ሲጠይቁኝ «ያቀረብኩት ማስረጃ ተከሳሹን አያስረዳም» አልኩ። ልጁ በነፃ ተሰናበተ። የተዘረፈው ሰው እናት በር ላይ ጠብቃ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ስንት ሰጡህ?»

ምን ልበላት? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 136 ዐቃቤ ሕግ ክሱንና ማስረጃውን ሲያስረዳ ሳያዳላ፣ እውነቱን ብቻ ይዞ ያስረዳ ይላል። ይህን ለሷ ላነብላት ነው? ዝም ብዬ አለፍኩ። እስካሁን ያ ፊቷ አይጠፋኝም። ልጁን ማስፈረድ ግን አልችልም ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ጥፋተኛ እስኪባል ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ያለው ለሱም ነው።

ጠበቃ ደንበኛ አለው። ደንበኛው በቃኝ ካለ ጠበቃው ይነሳል። እኔ ደንበኛ አልነበረኝም። ሰው የማይገባው ይህ ነው። አንዳንድ ዐቃቤ ሕግም የማይገባው ይህ ነው፣ ያላስፈረደበት ሰው ሁሉ እሱን ያሸነፈው የሚመስለው አለ።


የአንኮበሯ

ወንዶቹ በዱላና በበግ ነው የተያዛችሁ። እኔ ሌላ ላንሳ።

ታላቅ እህቴ በ80ዎቹ ተጠለፈች። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ነው። ሽማግሌ መጣ፣ ጥሎሽ መጣ፣ አባቴ ታረቀ። እህቴን ማንም አልጠየቃትም። አግብታው ቀረች። ከሳሽ አልነበረም። የሚከስም አልነበረም።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ተጠለፈች። ያው ሽማግሌ መጣ፣ ያው ካሳ ተቆረጠ፣ አባትየው እሺ አለ። ዐቃቤ ሕጓ ግን እሺ አላለችም። ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ ቢሮዋ ድረስ ሄደው «ልጅቷን አግብቷታል፣ ታርቀናል» አሏት። «እናንተ ታርቃችሁ ይሆናል» አለቻቸው። ክሱን ቀጠለችበት።

ስለዚህ የመንዙ፣ የአጎትህ ነገር ያሳዝናል፣ ገብቶኛል። ግን «ባለቤቱ ከታረቀ ምን አገባው» የሚለው ሕግ ቢሆን ኖሮ ማን ባለቤት ተብሎ እንደሚጠራ አስብ። እኛ ቤት ባለቤቱ አባቴ ነበር።


የሕግ ተማሪ

ለአንኮበሯ አንድ ነገር ልጨምር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ያገባት እንደሆነ ክሱን ያስቀረው ነበር። እህትሽ በዚያ ሕግ ዘመን ነው የተጠለፈችው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ይህን አነሳው። አሁን አንቀጽ 587 ላይ ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በኋላ መጋባታቸውም ከተጠያቂነት አያድነውም ብሎ በግልጽ ጽፎታል።


የአንኮበሯ

አሃ። እህቴ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች። አመሰግናለሁ ወንድሜ።


ብርዳሙ

ከዚህ በኋላ ቀልድ አይመጣልኝም። ቀጥሉ።


የክምሩ ጌታ

በዚሁ ላይ የኔንም ልጠይቅ። የገብስ ክምሬን አንድ እረኛ አቃጠለብኝ። ብርድ በርዶት እሳት ሲሞቅ ነው አሉ። ልጁ 8 ዓመቱ ነው። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን ወዲያው ዘጋው። የዓመት ቀለቤ እኮ ነው።


የድሮ ሰነድ

ይህ እንኳ አያከራክርም። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ዐቃቤ ሕጉ ሌላ ምርጫ የለውም። የክምሩን ዋጋ ከፈለግህ ግን አባቱን በፍትሐ ብሔር ጠይቅ፣ ልጁ ላደረሰው ጉዳት አባት ኃላፊ ነው። ወይም ሽማግሌ ላክበት። እዚህ ላይ ሽማግሌ ነገሩን ሙሉ በሙሉ መጨረስ ይችላል።


ምስክር ነበርኩ

ስሜን አልናገርም። ግን ይህን ክር ሳነብ አላስችል አለኝ።

እንደ የመንዙ አጎት ዓይነት ነገር ነው። ሁለት ቤተሰብ ተጣሉ፣ አንዱ ሌላውን በገጀራ መታው። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ለፖሊስ ያየሁትን ተናገርኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ታረቁ። ሽማግሌዎቹ ጠሩንና «እርቁ እንዳይፈርስ፣ አላየንም በሉ» አሉን። ለሰላም ነው አሉ። እኔም ለሰላም ነው ብዬ ሄድኩ።

ችሎት ውስጥ ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀኝ። «አላየሁም» አልኩ። መዝገቡን ገለጠና ለፖሊስ የሰጠሁትን ቃል አነበበልኝ። «ይህ ፊርማ የማነው?» አለ። ላቤ ተንቆረቆረ። «የኔ ነው፣ ግን አላየሁም» አልኩ። ሌሎቹም እንዲሁ አሉ። ሰውየው በነፃ ወጣ።

ዐቃቤ ሕጉ ስንወጣ ጠራኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። «በሐሰት መመስከር ወንጀል መሆኑን ታውቃለህ?» አለኝና ሄደ። አልከሰሰኝም። እኔ ግን የተመታውን ሰው ገበያ ሳየው ፊቴን አዞራለሁ። እሱ ታርቆ ሊሆን ይችላል። እኔ ከማን ጋር ልታረቅ?


ጋሽ ካባ

ልጄ፣ ንስሐ አባትህ ዘንድ ሂድ። ሌላ ምክር የለኝም።


የድሮ ሰነድ

የሰሜን ሸዋ ዐቃቤ ሕግ ሥራ እውነተኛው ጣጣ ይህ ነው። ሕጉ «ክሱ የመንግሥት ነው» ይላል። ምስክሩ ግን የመንደሩ ነው። እርቁ ሲወርድ ምስክሩ አብሮ ይወርዳል። መዝገቡ በእጅህ ነው፣ ፊርማ አለ፣ የሐኪም ወረቀት አለ፣ ችሎት ስትገባ ግን ያየ የለም። ስንት መዝገብ እንደዚህ ሲሞት አየሁ።

መጀመሪያ እናደድ ነበር። አንዱን ምስክር በሐሰት ምስክርነት፣ በአንቀጽ 453 ከስሼ አስፈርጄም አውቃለሁ። ከዚያ ቀበሌው ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል የሚመሰክርልኝ አንድም ሰው አጣሁ። በሕግ ልክ ነበርኩ፣ በሥራ ግን ተሸነፍኩ።

በኋላ መንገድ ቀየርኩ። ሽማግሌዎቹን ራሴ ማነጋገር ጀመርኩ። «አስታርቁ፣ ደስ ይለኛል። ደም ይድረቅ። ግን ምስክር አታስክዱ» እላለሁ። እርቁን ለዳኛው እኔ ራሴ እነግርላችኋለሁ አልኳቸው። አንዳንዱ ሰማኝ። አንዳንዱ «እሺ» ብሎኝ ሄዶ አስካደ።


የመንዙ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ወደ አገር ቤት ደውዬ ነበር። ያላችሁትን ሁሉ ለአጎቴ ነገርኩት። የጓሳውን ነገር ስነግረው ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ይህን ያሉት ሰውዬ የየት አገር ናቸው?» አለኝ። ተጉለት ስለው «ተጉለት እንዲህ ያለ ሰው ወጥቶት አያውቅም» አለ። ጋሽ ካባ ይቅርታ።

የምስክር ነበርኩንም ታሪክ ነገርኩት። ለካ እነሱም ጋ አንድ ሽማግሌ «ወድቄ ነው የተሰበርኩት በል» ብሎት ነበር። አጎቴ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ልዋሽ ነው? መትቶኛል። ታርቀናልም። ሁለቱንም እናገራለሁ።»

ይቻላል? ሁለቱንም መናገር?


የድሮ ሰነድ

ለአጎትህ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ። ይቻላል ብቻ አይደለም፣ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ሲጠየቁ ያዩትን፣ የሆነውን ይመስክሩ። እርቁ ደግሞ ቦታ አለው። ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ስለ ቅጣቱ ክርክር ይኖራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ የበደለውን ከካሰ ቅጣት እንዲቀልለት ይላል። ድንጋይ ተሸክሞ መውደቁ፣ ሕክምና መክፈሉ፣ ወይፈኑ፣ ሁሉም እዚያ ይቆጠራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የቅጣት አወሳሰን መመሪያም ማቅለያን በእርከን ይቀንሳል። ቅጣቱ በገደብ የሚሆንበት ዕድልም አለ፣ እሱን ዳኛው ያያል።

ስለዚህ የእርቁን ሰነድ አዘጋጁ። ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፣ ቀን ይኑረው፣ የተከፈለው ሁሉ ይዘርዘር። ዋናውን ይዛችሁ ቅጂ አቅርቡ። እሱን ለፍርድ ቤት የሚያቀርበው ተከሳሹ ነው። አጎትህም ሲጠየቁ «ካሳ ከፍሎኛል፣ ተቀብያለሁ» ይበሉ። ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን ይህን ማቅለያ የሚቃወምበት ምክንያት አይታየኝም። ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ ማለት ግን የሱ ሥልጣን ነው፣ ተስፋ ሰጥቼህ በኋላ እንዳትወቅሰኝ።


ከጅሁር

እኔም ዛሬ ውሳኔውን በጽሑፍ ጠየቅሁ። «ሰኞ ና» አሉኝ። 15 ቀኑ ከመቼ ነው የሚቆጠረው?


የድሮ ሰነድ

ወረቀቱ እጅህ ከገባበት። ሰኞ ሂድ። ስትቀበል ቀኑን አስጽፈው።


የመንዙ

ቀጠሮው የፊታችን ሐሙስ ነው። አንድ ነገር ቀረ። ጎረቤትየው አጎቴን «አብረን እንሂድ፣ የመኪናውን እኔ እችላለሁ» ብሎታል። አጎቴም እሺ ብሏል። በሌሊት ነው የሚነሱት።


ብርዳሙ

ተከሳሽና አንደኛ ምስክር በአንድ መኪና? ይህ ስንተኛው አንቀጽ ላይ ነው?


የድሮ ሰነድ

አብሮ መሳፈር አልተከለከለም። መንገድ ላይ ግን ስለ ገብሱ ያውሩ፣ ስለ በሬው ያውሩ፣ ስለ ምስክርነቱ ቃል እንዳይተነፍሱ። ካፖርትም አይርሱ።